ሱቁ ሲዘረፍ ሰፈሩም ተዘረፈ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ውስጥ አንድ ሶማሊያዊ ባለሱቅ ተኩሶ የ14 ዓመት ልጅ ገደለ። የልጁ ሐዘን ሳይበርድ የመጤ ሱቆች ዝርፊያ ከሰፈር ሰፈር ተዛመተ። ከተዘረፉት አንዱ እኔ ነኝ።

ሱቄ የአንዲት ጡረተኛ እናት ጋራዥ ነበር። ጎጎ እላቸዋለሁ፤ አያቴ ማለት ነው። በምከፍላቸው ኪራይ የልጅ ልጆቻቸውን ያስተምሩበት ነበር። መነሻዬን ያገኘሁት ጆሃንስበርግ ጄፔ ከአገሬ ልጆች ጋር ከገባሁት እቁብ ነው። ዕቃ ስናመጣም መኪና በጋራ ተከራይተን፣ ከጅምላ ሻጭ ባንድ ላይ እንገዛለን፤ ዋጋችን የሚረክሰው በዚህ ነው። ጎህ ሳይቀድ እከፍት ነበር። ዳቦ በግማሽ፣ ዳይፐር በፍሬ እሸጥ ነበር። ወር መጨረሻ እጅ ሲያጥር ደግሞ ዱቤ ነበር።

ያን ምሽት ቆርቆሮውን በፌሮ ሲፈለቅቁት ታናሽ ወንድሜና እኔ ውስጥ ነበርን። ጎጎ በጓሮ በር አስወጥተው መኝታ ቤታቸው አስገቡንና ደጃፉ ላይ ቆሙ። ጎረምሶቹን በየእናታቸው ስም እየጠሩ «እዚህ ያሉት ልጆቼ ናቸው፤ መጀመሪያ እኔን ግደሉ!» አሏቸው። በመስኮት ፍሪጄ በጋሪ ሲወሰድ፣ የዱቤ ደብተሬ ተቀዳዶ ሲበተን አየሁ። እኛ ግን በእሳቸው ተረፍን።

በማግስቱ ልጅ ያዘሉ እናቶች ዳቦ ፍለጋ ታክሲ ተሳፈሩ፤ የደርሶ መልሱ ሒሳብ ከዳቦው ዋጋ በለጠ። የጎጎ ኪራይ ቆመ። አብሮኝ ይሠራ የነበረው የሰፈሩ ወጣትም ሥራ ፈታ። እኔ ያጣሁት ንብረቴን ነው፤ እነሱ ያጡት ግን በየቀኑ የሚተዳደሩበትን ነው።

የሀገሬው ምሬት ሐሰት አይደለም። በኛ ዋጋ መሸጥ አቅቷቸው ሱቃቸውን የዘጉ ጎረቤቶች አሉ። በዚያ ዓመት ከሀገሪቱ የሠራተኛ ኃይል ከአራት ሰው አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። ይሁን እንጂ የኔ ሱቅ ባዶ መሆኑ ለማንም እንጀራ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2008 መጤ ላይ በተነሳው ሁከት ከሞቱት 62 ሰዎች 21ዱ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ለመጤ የተለኮሰ እሳት ባለቤቱንም አይምርም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የአገሪቱ ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ሱቅ ከፍተው መነገድ እንደሚችሉ ወስኗል። ፍርዱ እስከ ሰፈራችን ድረስ ይውረድ፤ ፖሊስ ቆርቆሮው ሳይፈለቀቅ ይድረስ። እኛም የሀገሬውን ባለሱቅ በጋራ ግዢያችን እናስገባው፤ ዕቃውን በኛ ዋጋ ያግኝ። ጎጎ ለኔ በር ላይ ቆመዋል፤ ለሰፈራቸው ሰው በር መክፈት የኔ ዕዳ ነው።