ከዳባት እስከ ደባርቅ፦ የታጠበ ፒክአፕ ወግ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚጓዝ ቤተሰብ መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮሶዬ ላይ ገደሉን ለማየት ይቆማል፤ ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ፣ ገደብዬ፣ ዳባት፣ ውቅን እያለ ደባርቅ ይገባል። አስፋልቱ መኪና አያቆሽሽም። ጭቃውና አቧራው ያለው ከአስፋልቱ ተገንጥለው ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚገቡት መንገዶች ላይ ነው። በክረምት የወገራ ዋልካ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። በበጋ ደግሞ ያው አፈር ዱቄት ሆኖ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ወንበሩ ላይ ይተኛል።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ የሚጠይቋችሁ ስለ ጭላዳና ስለ ዋልያ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እንደ ተመዘገበ ብትነግሯቸው በትምህርት ቤት ይጠቅማቸዋል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ዓይኔን ስለያዘው ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ፒክአፕ። በዚህ ሁሉ ጭቃ መካከል ዳባትና ደባርቅ ከተማ ውስጥ ቆመው የማያቸው ፒክአፖች የታጠቡ ናቸው። አሮጌ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ፓራውልቱ የተጣመመ ሃይሉክስ ሳይቀር ታጥቦ፣ መስተዋቱ ተወልውሎ ቆሟል። ዳሽቦርዱ ላይ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ከፊት መስተዋቱ ጥግ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል።

አያቶች ይህ አይገርማቸውም፤ የበቅሎን ወግ ያውቃሉና። በደጋው አገር ሰው በበቅሎው ይመዘን ነበር። ጀርባዋ የተላጠ በቅሎ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ለከብቱ የማያዝን ተብሎ ይታማል፤ ልጁን የሚድርለትም ያመነታል። ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ጀርባዋ ይዳበሳል፣ ኮቴዋ ይታያል፣ ከመንገድ ስትመለስ ላቧ ሳይደርቅ ትታሻለች። በቅሎ ዛሬም አልቀረችም፤ ወደ ፓርኩ በእግር የሚገቡ እንግዶችን ጓዝ ከደባርቅ የምትሸከመው እሷ ናት። ፒክአፑ የወረሰው ሸክሟን ብቻ አይደለም፤ ሐሜቱንም ጭምር ነው።

ስሙን ግን ከበቅሎ አልወረሰም። ሹፌሮቹ ጋቢና፣ ካሶኒ፣ ፓራፋንጎ፣ ላቫጆ ሲሉ የሚናገሩት ጣሊያንኛ ነው። በ1930ዎቹ ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የሚወርደውን የመኪና መንገድ የቆረጡት ጣሊያኖች ነበሩ፤ እነሱ ሲሄዱ መንገዱና ቃላቱ ቀሩ።

ሊማሊሞ ካልኩ ዘንድ ከዚያ ልጀምር፤ የመታጠቡ ትልቁ ምክንያት ያለው እዚያ ነውና። ከደባርቅ ወጣ እንዳላችሁ መንገዱ ገደሉን እየታጠፈ ወደ ዛሪማ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ጭነት ይዞ የሚወርድ ሹፌር ገና ከላይ ማርሹን ይቀንሳል፤ ፍሬኑን ብቻ ከረገጠ ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሰው የማያስተውለው ጭቃው የሚደብቀውን ነው። በጎማው ውስጠኛ ጎን የደረቀ ጭቃ የፍሬን ዘይት ማንጠባጠቡን ይሸፍናል። ባሌስትራው ላይ የተጋገረ ጭቃ ስንጥቁን ይሸፍናል። የላላ ብሎን ከጭቃ በታች አይታይም። ስለዚህ ጠንቃቃው ሹፌር መኪናዋን ሲያጥብ የሚጀምረው ከሆዷ ነው፤ ተጋድሞ በጣቱ እየዳበሰ። አካሏን የሚያጥበው መጨረሻ ላይ ነው፤ ውሃ ካነሰውም ይተወዋል። የተሳፋሪ ዓይን የሚያየው ግን አካሏን ብቻ ስለሆነ፣ ውጭዋ የሚያብረቀርቅ ሆዷ ግን ጭቃ የተሸከመ ፒክአፕም ሞልቷል። እኔ ልጆቼን ይዤ ቁልቁለት የምወርድ ከሆነ ጎንበስ ብዬ ከሥር አያለሁ። ሹፌሩ ቅር ቢለውም ግድ የለኝም።

ወደ ፓርኩ የሚወጣውም መንገድ ከዚህ አይሻልም። ጠጠር ለብሶ ሳንቃበርን አልፎ ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ ጃናሞራ ይሻገራል። በዚያ ከፍታ ጉም ድንገት ሲወርድ የመብራት ብርጭቆ ላይ ያለ አቧራ ማለት ግማሽ መብራት ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ካሶኒው ነው፤ ቤተሰብን የሚነካውም ይሄኛው ነው። አንዱ ካሶኒ በሳምንት ውስጥ ስንት ነገር ይጭናል! ሰኞ ማዳበሪያ፣ ማክሰኞ የደባርቅ ነጭ ሽንኩርትና ድንች፣ በገበያ ቀን በግ፣ ከዚያ የወፍጮ ቤት ገብስ። ዩሪያ ሲፈስስ እርጥበት ይስባል፤ እርጥቡ ላሜራውን ይበላዋል። ሹፌሩ ማዳበሪያ ባራገፈ ማግስት ካሶኒውን የሚያጥበው ለዚህ ነው፤ ለብረቱ አዝኖ። ከብረቱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የፀረ ተባይ መድኃኒት ነው። ጠርሙሱ ወይም ጣሳው መንገድ ላይ አፍስሶ እንደሆነ ቀጥሎ የሚጫነው ጆንያ ጠጥቶት ወደ ቤታችን ይገባል። እህል የምታስጭኑ አባቶችና እናቶች፣ ካሶኒው ትናንት ምን እንደጫነ መጠየቅ ነውር አይደለም። መጥረግ ብቻ አይበቃም፤ በውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ንጹሕ ሸራ ተነጥፎበት ነው እህል የሚጫነው። መድኃኒትና እህል አብረው ጨርሶ አይሄዱም።

ደግሞም ሰው ይጫናል። በካሶኒ ሰው መጫን አደጋ መሆኑን ማንም አያጣውም። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ከገደል ወጥታ መንገድ ዳር ስትደርስ ግን፣ አምቡላንስ ካልደረሰ የሚጠራው ያው ፒክአፕ ነው። በጋቢናው ትቀመጣለች፣ መቀመጥ ካቃታት ካሶኒው ላይ ፍራሽ ይነጠፋል። በግ ተጭኖበት ያልታጠበ ካሶኒ ያን ሌሊት ያሳፍራል። አንድ የዳባት ሹፌር ማታ ካሶኒውን ሳያጥብ እንደማይተኛ ሲነግረኝ ምክንያቱን ይህን ብሎኛል፤ መቼ እንደሚጠራ አያውቅም።

ገንዘቡንም እናንሳ። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ በእኛ አገር ያረጀ ፒክአፕ ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ አይተናል። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ በእጅ ያለችው ትጠበቃለች። የልጆች ትምህርትም የሴት ልጅ ሰርግም ከእሷ ነው የሚወጣው። ገዢ ሲመጣ ሊብሬው ብቻ አይታይም፤ ምንጣፉ ተገልጦ ዝገቱ ይፈተሻል።

የመንግሥት መኪናዎች ነገር ለብቻው ነው። ጥቁር ሰሌዳ የለጠፈች ኮድ 4 ፒክአፕ የምትታጠበው ኃላፊው ወደ ዞን ስብሰባ የሚሄድ ዕለት ነው፤ የሚመለስ ዕለት ማን ያያታል?

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ይህ ሁሉ መታጠብ በየትኛው ውሃ ነው? በደባርቅ ዳር ልጆች በጀሪካን ውሃ አምጥተው ያጥባሉ፤ ባልዲና ጨርቅ ለሚችልበት ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ፒክአፕ ይበቃል። ቧንቧ ለቅቆ በላስቲክ የሚያጥብ ግን የስንቱን ቤት ውሃ በአንድ ጠዋት ያፈስሳል፤ ያውም እናቶች ቢጫ ጀሪካን አሰልፈው በሚጠብቁበት ከተማ። ከዚህ የሚብሰው መኪናውን ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ ነው። ዘይቱ፣ ናፍጣው፣ ኦሞው ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሥር ላም ትጠጣለች፣ ሕፃን ይታጠባል፣ እንስራ ይሞላል። ጎማ እንዲያብረቀርቅ ናፍጣ የሚቀቡትስ? ናፍጣ ጎማን ያበላሻል፤ ውበቱ የሁለት ቀን ነው። መኪናዋ ከወንዙ ራቅ ብላ ሣር ወይም ጠጠር ላይ ብትቆም፣ ውሃው ወደ እሷ በባልዲ ቢመጣ፣ ድካሙ የጥቂት እርምጃ ነው። ይህን ለሹፌር ልጆቻችሁ እናንተ ብትነግሯቸው ከእኔ ይልቅ ይሰሟችኋል። አጣቢዎቹን ልጆችም በሥራው ሰዓት አይታችሁ ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት እንደሚገቡ ጠይቋቸው።

ጥር ሲመጣ ደግሞ ላቫጆው ሌላ ነው። ጥምቀት አልፎ ሰርጉ ሲጀምር አንዱ ፒክአፕ ሞንታርቦ ይጭናል፣ ሌላው ቪዲዮ ቀራጩን ካሶኒው ላይ አቁሞ ከሙሽሮቹ መኪና ፊት ቀስ እያለ ይሄዳል። ሁሉም ማታውን ታጥበው ያድራሉ። ጥር ግን በደባርቅ ውርጭ ነው፤ ከተማዋ ያለችው ከ2,800 ሜትር በላይ ነውና በማለዳ መስተዋቱ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይገኛል። የቸኮለ ረዳት የፈላ ውሃ ደፍቶበት መስተዋት የተሰነጠቀበት ስላለ፣ አዋቂዎቹ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቃሉ። ሙሽራውን የሚያጅቡት ሚዜዎች በር ላይ ቆመው ይቆጣሉ፤ ሹፌሩ ጋቢውን ተከናንቦ ኮፈኑ ላይ ተደግፎ ሻዩን ይጠጣል።