ለዊኪያችን ቤት ስንፈልግ

ዛሬ የምናካፍላችሁ ከወትሮው ለየት ይላል። ሆኖም ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በደብተር ወይም በስልክ ያጠራቀማችሁት ማስታወሻ ስላላችሁ እንደሚጠቅማችሁ እናምናለን።

እኛ ባልና ሚስት በቤታችን በሚደረገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የሚነሡትን ጥያቄዎች ለዓመታት ስንጽፍ ቆይተናል። ጽሑፉ ሲበዛ ማንም ፈልጎ እንዲያነበው፣ አንዱ ርዕስም ከሌላው ጋር እንዲያያዝ ዊኪ ልናደርገው ተስማማን። ዊኪ በሃዋይ ቋንቋ "ፈጣን" ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዊኪ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ የከፈተው ዋርድ ካኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው፤ ዊኪፒዲያ የመጣው ከዚያ በኋላ በ2001 ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው የተነገረውን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። እኛም አስቀድመን ተቀመጥን። የጠየቅነውም "የትኛው ያምራል?" ብለን ሳይሆን "እኛ ብንደክም ወይም ብንጠራ፣ ይህን ሌላ ሰው አንሥቶ መሸከም ይችላል ወይ?" ብለን ነው።

መጀመሪያ ያየነው ዊኪፒዲያ የሚሠራበትን ሚዲያዊኪን ነው። ብርቱ ሶፍትዌር ነው፤ ነገር ግን ጽሑፉ የሚቀመጠው በዳታቤዝ ውስጥ ስለሆነ የሚንከባከበው ባለሙያ ይፈልጋል። ቲድሊዊኪ ደግሞ ዊኪውን በሙሉ በአንድ ፋይል ይይዛል። ለግል ማስታወሻ በጣም ምቹ ነው፤ ፍላሽ ላይ ይዞ መሄድ ይቻላል። ግን በስልክ ዳታ የሚያነብ ሰው አንዲት ገጽ ፈልጎ ሁሉንም ማውረድ ሊኖርበት ነው። በመጨረሻ የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ዶኩዊኪን ነው። ዳታቤዝ አይፈልግም፤ እያንዳንዱ ገጽ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፎልደሩን መቅዳት ባክአፕ ማድረግ ማለት ነው።

ተራ ጽሑፍን የወደድነው በምክንያት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው በየራሳቸው አሠራር በሚሄዱ ፎንቶች ነበር። አንድ ሽማግሌ ያወረሱን የጥናት ፋይሎች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ነገር ሆነው ታዩን። ቃሉ አለ፤ የሚያነበው ግን የለም። በአንድ ፕሮግራም ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ጽሑፍ ከፕሮግራሙ ጋር እንደሚያረጅ ከዚህ ተማርን።

አማርኛ ለምትጽፉ አንድ ምክር፦ ዶኩዊኪ እንደ መጣ ከተተወ በፋይል ስም ላይ አንዱን የግዕዝ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይቀይረዋል። በአብዛኛው ሰርቨር የፋይል ስም ከ255 ባይት ማለፍ ስለማይችል ረጅም ርዕስ ችግር ያመጣል። ስለዚህ የገጹን ስም አሳጥሩ፤ ሙሉውን ርዕስ በገጹ ውስጥ ጻፉት።

ወደ ሆስቲንጉ እንምጣ። ቀድሞ ጥቂት ጽሑፎች ያኖርንበት ነፃ አገልግሎት ተዘግቶብን ነበር። ጽሑፉ በእጃችን ስለነበረ አልጠፋም፤ አድራሻውን የያዙት ሰዎች ግን ባዶ ገጽ ጠበቃቸው። ስለዚህ አሁን አስቀድመን የራሳችንን ዶሜይን ገዛን፤ ቤት ብንቀይር እንኳ አድራሻው አብሮን ይሄዳል። በአሜሪካ ያለው ወንድማችን በካርዱ በዶላር ሊከፍልልን ፈቃደኛ ነበር። አመስግነነው በብር የሚከፈለውን፣ አቅሙ ትንሽ የሆነውን የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ወሰድን። ሸክሙን ከእኛ በኋላ የሚረከበው ሰው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ላይኖረው ይችላልና።

ከሁሉ የከበደን ግን ሶፍትዌሩም ሆስቲንጉም አልነበረም። ዊኪ የቀድሞውን እትም ያስቀምጣል፤ ዛሬ የሰረዛችሁትን ስም ነገ ሰው ከገጹ ታሪክ ሊያወጣው ይችላል። በማስታወሻችን መካከል ደግሞ አንዲት እኅት በጸሎት ሰዓት እያለቀሰች የነገረችን የትዳሯ ጉዳይ ነበረ፤ የሌላው ወንድም ሕመም ነበረ። ስለዚህ አንድም ገጽ ሳንጭን ሁሉንም በቤታችን አነበብን። ስም አወጣን። ስሙ ቢወጣም ሰውየው የሚታወቅበትን ታሪክ ጨርሶ ተውነው። አንዳንዱ ጥያቄ ያለ ታሪኩ ደረቅ ሆኖ ቀርቷል፤ ይቅር። አደራ ከጥሩ ጽሑፍ ይበልጣል።

ማንበብ ለሁሉም ክፍት ነው። ማረም ግን ለጥናቱ አባላት ብቻ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ዊኪ የማስታወቂያ ቆሻሻ ሳይሞላው አይቀርምና። የመግቢያ ቁልፉንና የባክአፑን ቅጂ ከጥናቱ ወጣቶች ለአንዱ ሰጥተናል።

እናንተስ? በእጃችሁ ያለውን ማስታወሻ ከእናንተ በኋላ ማን ይከፍተዋል? በዚህ ሳምንት ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩበት።