ለልጅ ልጄ የሰፋኋት ድሪቶ

ባለፈው ሐምሌ አጋማሽ፣ ቦረናዎች አዶሌሳ በሚሉት በብርዱ ወራት፣ ሴት ልጄ የበኵር ልጇን ወለደች። ሕፃኒቱም ሴት ናት። ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በመኪና የሚያልፍ መንገደኛ የዱብሉቅን አቧራና የግመሉን ገበያ አይቶ «ይህስ በረኻ ነው» ብሎ ይሄዳል እንጂ፣ በአዶሌሳ ሌሊት የሚነፍሰውን ነፋስ አያውቀውም። ስለዚህ የሰማንያ ቀኗ ጥምቀት ሳይደርስ መደረቢያ የሚኾናትን ነገር በገዛ እጄ ልሠራላት ዐሰብኹ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ልጄ የውጭ አገር ሴቶች ለሕፃናት የሚሠሩትን ብርድ ልብስ በስልኳ አሳየችኝ። ያረጀ ለስላሳ ሸሚዝ በአራት ማዕዘን ተቈርጦ፣ ቍራጩ ከቍራጭ ተጋጥሞ፣ የስፌቱ ጠርዝ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደ ዘርፍ ተበትኗል። «አባባ፣ ምንኛ ያምራል! እንዲህ ያለ ቢሠሩላትስ?» አለችኝ። እኔም ሥዕሉን አይቼ ሣቅኹ። «ይህማ ድሪቶ ነው» አልኋት።

አንባብያን እንደምታውቁት፣ በአገራችን ድሪቶ ለባሽ መባል ስድብ ነው። ፈቅደው የሚለብሱት ዓለምን የናቁ ባሕታውያን ናቸው፤ ሳይፈቅድ የሚለብሰው ድኻው ነው። እኔም ከድኾቹ ወገን ነበርኹ። በዋሸራ ቅኔ ስቈጥር የበግ ደበሎ ነበረኝ፤ በየደጁ ቁራሽ ስለምን ውሻ በያዘኝ ቍጥር ይቀደዳል፣ ማታ ደግሞ በወስፌ እደርተዋለሁ። የዘረፍኹትን ቅኔ በቃሌ እየደጋገምኹ ስለምሰፋ፣ የቅኔው ቤትና የደበሎው ስፌት አብረው ይጣመሙብኝ ነበር።

ወደ ሥራው ልመለስ። ፈረንጆች ፍላኔል የሚሉት ጨርቅ ፊቱ በብሩሽ ተፍቆ ለስላሳ ፀጉር ስለሚያወጣ አየር ይይዛል፤ የሚሞቀውም በዚህ ምክንያት ነው። በገበያችን ከሰልባጁ ክምር ውስጥ እየዳሰስኹ አራት ሸሚዝ ገዛኹ፤ የሟች ባለቤቴ የሌሊት ቀሚስም ተጨመረበት። ቍራጩ በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ኹለት ቍራጭ ፊትና ጀርባ ኾኖ አንድ ቤት ይወጣዋል፤ ቤቶቹንም በቁመት ስምንት፣ በአግድም ስድስት ላሰልፋቸው ወሰንኹ። መወድስ ስምንት ቤት፣ ሥላሴ ስድስት ቤት ነውና የቅኔ ተማሪ ሌላ ቍጥር ከየት ያመጣል? በፊትና በጀርባው መካከል 14 ሳንቲ ሜትር የኾነ የአሮጌ ጋቢ ቍራጭ ይገባል። ጋቢው ባለቤቴ በእንዝርት የፈተለችው ነው፤ ከላይ አይታይም፣ ሙቀቱ ግን ይበልጡን ከእርሱ ነው። ጋቢው እንዳይሸሽ እያንዳንዱን ቤት ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በመስቀል ሰፋኹት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቤቶች ግን እንደ ድሮ ልማዴ ጠርዙን ወደ ውስጥ አድርጌ ስለ ገጠምኋቸው፣ ልጄ እየሣቀች አስፈታችኝ።

ጨርቁን ኹሉ ቈርጬ ብቈጥር 84 ኾነ። የሚያስፈልገው 96 ነበርና 12 ጎደለኝ።

ገበያ ወጥቼ አምስተኛ ሸሚዝ መግዛት እችል ነበር። ነገር ግን በሣጥን ውስጥ የወንድ ልጄ ባለ ዳማ ሸሚዝ ነበረ፤ ሕፃኒቱም አጎት አላት። ወንድ ልጄ በጥር 2012 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የወጣ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከማላዊ ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በተባለው አገር፣ በጭነት መኪና ሣጥን ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ የሀገራችን ልጆች እንደ ኾኑም ተነገረ። ስማቸው ግን እኛ ዘንድ አልደረሰም። እናቱ ልቅሶ ለመቀመጥም ተስፋ ለማድረግም ሳትችል ቀረች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናም ወራት ተከታትለው ሲቀሩ፣ ከብታቸው ያለቀባቸው ቦረናዎች በዱብሉቅ ዙሪያ ሰፈሩ። እርሷም የቤታችንን ልብስና ብርድ ልብስ አንድ በአንድ አውጥታ ሰጠች፤ ያን ሸሚዝ ግን ከሣጥኑ አላወጣችም። በ2015 ዓ.ም. ዐረፈች።

መቀሱን ይዤ ኹለት ቀን ተቀመጥኹ። ሸሚዙን መቍረጥ፣ ልጁ አይመለስም ብሎ መፍረድ መስሎ ታየኝ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 37 ያዕቆብ ደም የነካውን የዮሴፍን ቀሚስ አይቶ ልጁ እንደ ሞተ አመነ፣ ማቅም ለበሰ፤ ልጁ ግን በግብጽ በሕይወት ነበረ። ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ያን ጊዜ ግን ከያዕቆብ ጎን ተቀምጬ ልብስ የማገላብጥ መሰለኝ። ቀሚሱ ለያዕቆብ የመሰከረው ሐሰት ነው። የልጄም ሸሚዝ በሣጥን በመቀመጡ ሕያው ነው አይልም፤ በመቈረጡም ሞቷል አይልም።

በዚህ መካከል ጎረቤቴ የቦረና ሽማግሌ ከኤላ ሲመለሱ ገቡ። የዱብሉቅ ኤላ ከዘጠኙ ቱላ አንዱ ነው፤ ጥልቅ ስለ ኾነ ሰዎች እንደ መሰላል አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉና እየዘፈኑ ውኃውን ያወጣሉ። (ያን ያህል ዜማ የጠበቀ ማሕሌት እምብዛም አልሰማሁም ብል ደባትር ወንድሞቼ ይቈጡኝ ይኾናል።) ሽማግሌው ሸሚዙን አዩ፤ የማን እንደ ኾነም ያውቃሉ። «መርጌታ፣ ሕፃኒቱን ሌሊት ይበርዳታል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «ይበርዳታል» አልኋቸው። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ከጀርባውና ከእጅጌው 11 ቍራጭ ወጣ። ዐሥራ ኹለተኛውን ከደረቱ ላይ ከነኪሱ፣ ከነቍልፉ ቈረጥኹት።

ረዣዥሙን መጋጠሚያ የገበያው ልብስ ሰፊ በእግር በሚረገጠው መኪናው ሰፋልኝ፤ ጠርዙን ግን መቀሱ ስፌቱን እንዳይነካ እየተጠነቀቅኹ እኔው ዘለዘልኹት። ኹለት ጊዜ ታጥቦ ሲደርቅ ዝልዝሉ ተበትኖ የበግ ለምድ መሰለ፤ የዋሸራው ደበሎዬ ሽበት አብቅሎ የመጣ መሰለኝ። በአዲስ እራፊ አሮጌ ልብስ መጣፍን የሚነቅፈውን የወንጌል ምሳሌ የምታስቡ ካህናት አትፍረዱብኝ፤ በእኔ ድሪቶ ከክሩ በቀር አዲስ ነገር የለበትም።

በመስከረም መጨረሻ ሕፃኒቱ ተጠምቃ ወደ ቤት በተመለስን ጊዜ፣ ልጄ ድሪቶውን ዘርግታ ቤቱን አንድ በአንድ ስትዳስስ ከኪሱ ደረሰች። ቍልፉን ፈታች፣ ጣቷን አገባች፣ መልሳ ቈለፈችው። ከዚያም ያን ወገን ወደ ውስጥ አዙራ ልጇን ጠቀለለቻት።