የእንግዳ እጅ፣ የባለቤት ቋንቋ

ዜና ከጋዜጣ በፊትም መንገድ ነበረው። ከጎንደር በስተደቡብ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኘው እንፍራንዝ ለዚህ ምስክር ናት። ዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597 እ.ኤ.አ.) እንዳሠሩት በሚነገረው የጉዛራ ቤተ መንግሥት አካባቢ ነጋዴው ከሸቀጡ ጋር ወሬ ይዞ ያልፍ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ በእንፍራንዝ የዝባድ ንግድ መድራቱን ጽፏል። ሆኖም የአገሬው ሰው የዕለቱን ዜና በጆሮው ሰማው እንጂ በዐይኑ አላነበበውም፤ ብራናው ለጸሎትና ለዜና መዋዕል የተጠበቀ ነበርና።

በአማርኛ የተጻፈ ዜና ሳምንታዊ ቀጠሮ ያገኘው በአዲስ አበባ፣ በአንድ የውጭ አገር ሰው እጅ ነው። እንድርያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ ነጋዴ በ1902 እ.ኤ.አ. ገደማ ጋዜጣ አቋቋመ፤ ዐፄ ምኒልክም «አእምሮ» ብለው ሰየሙት። ጋዜጣው በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። ኋላ የማባዣ መሣሪያ ሲገኝ ቅጂው 200 ደረሰ።

ስደተኛ በሰው አገር ጋዜጣ ሲያቋቁም አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ለወገኑ ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኦማሃ ከተማ የተመሠረተው «ዴን ዳንስኬ ፒዮኔር» በዴንማርክ ቋንቋ የሚታተመው ለዴንማርክ ስደተኞች ነበር። እንዲህ ያለው ጋዜጣ የአገር ናፍቆትን ያስታግሣል፤ ልጆችም የአባቶቻቸውን ቋንቋ እንዳይዘነጉ ይረዳል። ካቫዲያስ ግን የራሱን ቋንቋ ትቶ የአስተናጋጁን ሕዝብ ቋንቋ መረጠ። የኦማሃው ጋዜጣ የቆየን ቋንቋ ከመረሳት ሲጠብቅ፣ «አእምሮ» በቅኔና በታሪክ የበለጸገውን ቋንቋ አዲስ ሥራ አስጀመረው፦ የሳምንቱን ወሬ መንገር።

ይሁንና ቋንቋው የሕዝብ ይሁን እንጂ ወረቀቱ የሕዝብ አልነበረም። ሃያ አራት ቅጂ ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንት አዳራሽ ብዙም አይርቅም። በእንፍራንዝ ገበያ እህሉን የሚሸጠው ገበሬ በገዛ ቋንቋው የተጻፈውን ዜና ለማንበብ ሁለት ነገር ይጎድለው ነበር፦ ፊደልና ቅጂ።

ስለዚህ የጋዜጣ ታሪክ የአቋቋሚዎች ታሪክ ብቻ ተደርጎ ሊጻፍ አይገባውም። የካቫዲያስ ውለታ የሚዘነጋ አይደለም፤ በር ከፍቷልና። በሩን ያሰፋው ግን ማተሚያው ብቻ ሳይሆን ፊደል ያስቆጠረው መምህርም ጭምር ነው። ጋዜጣ የሚወለደው ሲጻፍ ቢሆንም፣ ዕድሜ የሚያገኘው ሲነበብ ነው።