ይድረስ ለወንድምዓለም

ሸርቆሌ

እማዬ ባለፈው አሶሳ ሄዳ ኪው 400 አውሮፕላን ስታርፍ አይታ፣ «ይቺን ነው የሚያበራት?» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስታወራ ሰነበተች።

«እታለም አትስጊ፣ አብዛኛውን የሚሠራው አውቶፓይለቱ ነው» ያልከኝ እኔን ለማጽናናት እንደሆነ ይገባኛል። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ያው አባባልህ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302ን የአደጋ ምርመራ ሪፖርት አንብቤዋለሁ። አንተም ሌሎች ሲያወሩት ከምትሰማ ራስህ እንድታነበው እፈልጋለሁ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ አብራሪዎቹ ከቦሌ ተነሱ። አውሮፕላኑ ነፋሱን በምን ማዕዘን እንደሚቀበል የሚለካው የግራው መሣሪያ ወዲያው ተሳሳተ። (ይህን ማዕዘን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ የደብተር ልባድ ነፋስ ላይ ይዤ ቀስ እያልኩ አቀናዋለሁ፤ ከሱዳን ተሰደው የመጡት ልጆች ሳይቀሩ ተነስተው ይሞክሩታል።) የካፒቴን ያሬድ ጌታቸው መሪ ይንቀጠቀጥ ጀመር። 400 ጫማ ገደማ ላይ ያሬድ «ኮማንድ» አለ፤ አውቶፓይለቱ ይግባ ማለቱ ነው። አልገባም። ደገመው፣ አሁንም እምቢ አለ። ኋላ ላይ ቢይዝም 33 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ለቀቀ።

እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ማንበቤን አቆማለሁ። በዚያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ መሃል እጁ የሄደው በየበረራው ወደለመደው አውቶፓይለት ነው። የ29 ዓመት ወጣት፣ ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረ! እኔ አልፈርድበትም። የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚደፋው፣ ኤምካስ የሚባለው ፕሮግራም መኖሩ እንኳ፣ የላየን ኤር አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ 189 ሰው ይዞ እስኪገባ ድረስ፣ በአብራሪዎቹ መመሪያ ውስጥ አልተጻፈም ነበር። የአሜሪካው መርማሪ መሥሪያ ቤትም፣ ብዙ ማስጠንቀቂያ ባንዴ ሲጮህ አብራሪ ምን ያህል እንደሚዋከብ ቦይንግ በቅጡ አላጤነም ብሏል።

በበረራ 302 ላይ ኤምካስ አፍንጫውን ወደ ታች ሲደፋው፣ ረዳት አብራሪው አህመድ ኑር መሐመድ ኑር የጅራቱን ማዕዘን የሚያስተካክለው የኤሌክትሪክ ትሪም እንዲዘጋ ተናገረ። የ25 ዓመት ልጅ ነበር፤ ያለው ደግሞ ልክ ነበር፣ መመሪያውም የሚያዘው ያንኑ ነው። ቀጥሎ ከጉልበቱ አጠገብ ያለውን ጥቁር የትሪም ጎማ በእጁ ሊያዞር ሞከረ። ሞተሮቹ ግን ከመነሻው ጉልበታቸው አልተቀነሱም፤ ፍጥነቱ ከልክ አልፎ ጅራቱ ላይ ያለው የነፋስ ጫና ጎማውን አጥብቆ ይዞታል። «አይሠራም» አለ። የሚያሳዝነኝ፣ ጎማው እንዲህ ባለ ጊዜ ምን ያህል እንደሚከብድ ሲሙሌተሩ በትክክል እንደማያሳይ ቦይንግ ያመነው ከአደጋው በኋላ መሆኑ ነው። እጅ ያላወቀውን ክብደት በዚያች ደቂቃ ከየት ያመጣዋል? 157 ሰው አለቀ።

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። ሲሙሌተር ስትገባ አስተማሪህን፣ «ምን እንደሚበላሽ ሳይነግሩኝ ያበላሹብኝ» በለው። የታወቀ ብልሽት ደጋግሞ መለማመድ ፈተና ያሳልፍ ይሆናል፣ ድንጋጤን ግን አያስለምድም። ነገ መስመር ስትጀምር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበትና በሚፈቀድበት ሁሉ አውቶፓይለቱን አውጥተህ በእጅህ አብር። ማስጠንቀቂያ ሲጮህ በመጀመሪያ አፍንጫውን፣ የሞተሩን ጉልበትና ፍጥነቱን እይ። ማን እንደሚያበር፣ ማን መመሪያውን እንደሚያነብ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

ካፒቴን ልዑል አባተን አስብ። ህዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ነዳጅ አልቆ፣ የተጠለፈው 767 አውሮፕላን ሞተሮች ሁለቱም ጠፍተው፣ ጠላፊዎቹ እየታገሉት ነው በኮሞሮስ ዳርቻ ውሃ ላይ ያሳረፈው። ከ175 ሰው 50 ተረፈ። የዚያን ቀን የሚያሳርፍለት አውቶፓይለት አልነበረም።

ሪፖርቱን አንብበህ ስትጨርስ ደውልልኝ፤ ስለ ጎማው የምጠይቅህ አለኝ። ማንጎው ነገ በአሶሳ መኪና ይመጣልሃል፣ ለጓደኞችህም አካፍል። እማዬ ዱዓ እያደረገችልህ ነው፣ አላህ ይጠብቅህ።

የምትወድህ እህትህ