ልብ ገዛህ አሉኝ

መካኒኬ ቴስታታውን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ የብረት ማስመሪያ አስተኛበትና ጎንበስ ብዬ እንዳይ ጠራኝ። ከማስመሪያው ሥር ብርሃን ታልፋለች። የፀጉር ያህል ነች፣ ግን ታልፋለች።

“አየሃት?”

“አየኋት ጋሼ።”

“ባለፈው ልገነዋል። ከዚህ በኋላ የሚላግ ሥጋ የለውም። ግጠም ካልከኝ እገጥምልሃለሁ፤ ግን ገንዘብህን አልበላም።”

ዕድሜውን በሙሉ የጀርመን መኪና ሲፈታ የኖረ ሰው “ገንዘብህን አልበላም” ካለህ፣ ሐኪም “ወደ ቤቱ ውሰዱት” እንዳለ ቁጠረው። እጄን ኪሴ ከትቼ ትንሽ ቆምኩ። ልጁ ሻይ አመጣልኝ። ለቅሶ ቤት የመጣሁ ነው የመሰለኝ።

መኪናዋ በፈረንጅ 1993 የተሠራች ቢኤምደብሊው 325 ነች። አራት በር፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ ስድስቱም ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩላት፣ የኋላ ጎማዎቿ የሚገፏት። የገዛኋት የመጀመሪያ የሪሞት ሥራዬን ባገኘሁ ዓመት፣ ካዛንቺስ ግቢያቸው ውስጥ በሸራ ሸፍነው ካቆሟት ጡረተኛ ነው። (ግቢውም ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ ፈርሷል።) ያኔ ጓደኞቼ ሁሉ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ “አብደሃል?”

ከፋብሪካ ስትወጣ 192 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ነበራት የምለው ከባሕር ጠለል አጠገብ ሆና ነው። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ይበላል። አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ የተሰቀለች ከተማ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳር አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲነሳ የዚያኑ ያህል ጉልበቱን ለከተማዋ ገብሮ ነው የሚነሳው። 192ቱ 150 ገደማ ይሆናል። እንጦጦ ጫፍ ስትደርስ ሩብ ያህሉ ሄዷል። ሯጮቻችንን ያፈራው አየር ለእኔ መኪና አስም ነበር።

አምስት ዓመት ሜካኒካል ምህንድስና ተምሬ ኮድ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝና ይህን ስሌት በወረቀት አውቀዋለሁ። በጆሮዬ ያወቅኩት ግን ዓባይ በረሃ ላይ ነው።

2013 ዓ.ም. ጥር ነበር። ለጓደኛችን ሠርግ ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድን ነው፤ ያኔ መንገዱ እንዳሁኑ አያሳስብም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ዛሬ እጮኛዬ ነች፤ ያኔ ገና ምን እንደምንባባል አልወሰንንም። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱን ጀመርን። ፍሬን ሳላበዛ ማርሽ እየቀነስኩ፣ በሞተሩ እየያዝኩ እወርዳለሁ። እየወረድን ስንሄድ አየሩ ይሞቃል፤ ጆሯችን ይደፈናል፣ ይከፈታል። መስኮቱን ዝቅ አደረግን። ታች በጃፓን እርዳታ የተሠራው ድልድይ ስንደርስ ከአዲስ አበባ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደናል።

ድልድዩን ተሻግረን አቀበቱ ሲጀምር ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ነዳጁን ረገጥኩት።

መኪናዋ ሌላ መኪና ሆነች። ድምጿ ከጉሮሮዋ ወደ ደረቷ ወረደ። ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ሁለት ዓመት ነድቻታለሁ፣ እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

“ምን ሆነች?” አለች ልጅቷ እየሳቀች።

“አየር አገኘች።”

“መልስ ላይ እኔ ነኝ የምነዳት።”

“እሺ” አልኳት። መንጃ ፈቃድ አላት፤ ከተፈተነች ወዲህ ግን መሪ ይዛ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የእኔ ጥፋት ነው። የሙቀት መለኪያው ከመሃል ከፍ ማለቱን አይቻለሁ። ቆሜ ማብረድ ነበረብኝ። ግን ጉዞው ጣፍጦኝ ነበር፤ አንድ ኩርባ፣ እሺ አንድ ሌላ ኩርባ እያልኩ ቀጠልኩ። የዚህ ትውልድ ቢኤምደብሊው የውሃ ማቀዝቀዣው ብዙ ክፍል ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ አርጅቶ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የራዲያተሬ አንገት እዚያ አቀበት መሃል ላይ ተሰነጠቀ። ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ። የአንድ ጭነት መኪና ረዳት በሃይላንድ ውሃ ይዞልን እየሮጠ መጣ፤ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ግን የሚጠጣ እንጂ የሚሞላ ነገር አልነበረም።

ደብረ ማርቆስ የደረስነው በአይሱዙ ነው። እሷ ሀበሻ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ፣ በሹፌሩና በእኔ መሃል ተጣብቃ። የቤተ ክርስቲያኑ ሥነ ሥርዓት አመለጠን። አልተቆጣችም። ማታ ላይ ብቻ “መንዳቴም በዚያው ቀረ” አለችኝ።

ያኔ ነው ቴስታታው መጀመሪያ የተላገው። መኪናዋ ድና ተነሳች፤ እኔ ግን ፈራሁ። ሙቀት መለኪያውን ሳላይ ሰላሳ ሰከንድ መንዳት አቃተኝ። ሌላ ሰው እንዲነዳትማ እንዴት ብዬ። ልጅቷ ሦስት ወይ አራት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሁልጊዜ ሰበብ ነበረኝ፦ ዛሬ ዝናብ ነው፣ ፍሪሲዮኑ ከባድ ነው፣ ይቺን ሰርቪስ ላስገባትና። ከዚያ መጠየቅ ተወች። መተዋን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ክብር በሌለው ቦታ፣ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ መጨናነቅ መሃል ቆመን ሳለ እንፋሎቱ ድጋሚ ወጣ።

እንግዲህ መኪና መምረጥ ሊመጣ ነው። ያለን ገንዘብ የሁለታችን ነው፤ የቤት ቅድሚያ ክፍያ፣ የሠርግ፣ የክፉ ቀን ሁሉ በአንድ ሒሳብ ላይ ነው። “መኪናስ ያስፈልገናል” አለችኝ። “ግን ለብቻህ እንዳትወስን።” እኔም እንደ ማንኛውም ፕሮግራመር ኤክሴል ከፈትኩ። ዋጋ፣ ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ ሲሸጥ የሚያወጣው። በመጨረሻው ዓምድ ላይ “ደስታ” ብዬ ጻፍኩና ከአሥር ስንት እንደምሰጥ ሳላውቅ ብዙ ቀን ባዶ ተቀመጠ።

ማፈሬንም አልደብቅም። ክረምት ነው፤ በየማታው መገናኛ ላይ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ዝናብ ይወርድበታል፤ እኔ ቤቴ ተቀምጬ የትኛው መኪና ኩርባ ላይ ይጣፍጣል እያልኩ እጨነቃለሁ። ይህን ለሰው መናገር ይከብዳል። ለደላላ ደግሞ የባሰ ይከብዳል።

ምክንያቱም እዚህ አገር መኪና የሚገዛው ለመንዳት ብቻ አይደለም፣ ብር እንዳይቀልጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና አይገባም ሲባል፣ አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ሁሉ ቀና ቀና ማለት ጀመረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ሰው ሁሉ መኪናውን በመስኮት እያየ ይደምር ነበር። ለደላላው ስለ ቢኤሟ ስነግረው እንዲህ አለኝ፦

“ወንድሜ፣ ቶዮታ ብር ነው። ቢኤም ፍቅር ነው። ፍቅር ደግሞ ገዢ የለውም።”

ኤክሴሉ የመረጠው ኤሌክትሪክ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትክክል ነው። የሥራ ባልደረባዬ ቻይና የተሠራ ቮልስዋገን አይዲ 4 አለው፤ አንድ ቅዳሜ ቁልፉን ሰጠኝ። ኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ከፍታው ምኑም አይደለም፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለው ጉልበት እንጦጦም ላይ አለው። 310 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይሉን ገና ከቆመበት ያወጣዋል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ስረግጠው የሃያ ዓመት ሙሉ መካኒኮች ድካም፣ የፒስተንና የቫልቭ ታሪክ ሁሉ ቀልድ መሰለኝ። ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር ባለፈበት ዘመን የመብራት ሒሳቡን ሲነግረኝ ቀናሁ።

ሁለት ነገር ከለከለኝ። አንደኛው የማያከራክር ነው፦ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በኪራይ ነው። ማታ የት ልሰካው? በመስኮት ገመድ ልልቀቅ? ዋጋውም ካለን ጋር አይገናኝም። ሁለተኛውን ለመናገር ግን ትንሽ አፍራለሁ። መኪናው ከሁለት ቶን በላይ ነው፤ ኩርባ ላይ ያ ክብደት ከነጨዋነቱ ይሰማል። ሁሉን ነገር እሱ ያውቃል። እኔ ምንም ሳላደርግ ደረስን። በደንብ የተመራ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ የወጣሁ መሰለኝ።

ቢኤሟን በሌላ ሞተር ማስነሳትም አስቤ ነበር። ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞርኩ። የተገኘው ሞተር ከእኔው የባሰ ነበር፤ ተውኩት።

ከዚያ ደላላው ደወለ። “ቪትዝ አለ። ከቤልጂየም የገባ፣ ንጹሕ ነው። ግን ልንገርህ፣ ማንዋል ነው። በሩም ሁለት ነው። ለዚህ ነው የቆመው።” ፎቶውን ላከልኝ። አዲስ አበባ ያሪስንም ቪትዝንም በአንድ ስም ነው የምትጠራው፤ ይህ ያሪስ ነው። ሁለተኛውን ፎቶ፣ የጀርባውን፣ አሰፋሁት። ከስሙ ጎን “ቲ ስፖርት” ይላል።

ሌላው ያሪስ አንድ ሊትር ወይ 1.3 ሞተር ሲኖረው ይህኛው 1.5 ነው፤ 106 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ ቶን አይሞላም። እግሩም ከወንድሞቹ ጠንከር ያለ ነው። ተሰብስቤ ስልኩን ያዝኩና ስለ ጽሑፉ ጠየቅኩት።

“ተለጥፎ ነው፣ አታስብ” አለኝ ደላላው፤ “ይነሳል።”

እሁድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከእጮኛዬና ከደላላው ጋር ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። ደላላው ከኋላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። 106ቱ እዚያ ከፍታ ላይ 80 እንኳ እንደማይሞላ አውቃለሁ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሯጮች አሉ፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ፤ ከ45 በላይ የሚነዳ ሰው ጤነኛ አይደለም። በ45 ቢኤሟ ገና እንቅልፍ ላይ ነበረች። አይዲውማ ሐሳቡም ሌላ ቦታ ነው። ይቺ ግን በ45 ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆና ነፍሷን ትጮሃለች። መሪዋ ድንጋይ በድንጋይ ይነግርሃል። ማርሽ በሰዓቱ ካልቀነስክ አቀበቱ ይበላሃል፤ ከቀነስክ ደግሞ ሽቅብ ትወረወራለች። ፊቴ ላይ ምን እንደታየ አላውቅም።

“እሱን ነው የምንገዛው” አለች እጮኛዬ።

“ዋጋ ሳንከራከር?” አልኳት በሹክሹክታ። ደላላው ሰምቷል። በዚህ የተነሳ የከፈልነውን ትርፍ እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች፤ የተናገረችው እሷ ብትሆንም።

ቢኤሟን ጋሼ ራሱ ገዛኝ። ገንዘቤን አልበላም ያለው ሰውዬ ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠኝ። ከየትም ከየትም ብሎ ሞተር ያመጣላታል። “ስትነሳ እደውልልሃለሁ” ብሎኛል፤ እኔም ስልኬ በጮኸ ቁጥር ቀና እላለሁ።

ቤተሰብ ሁሉ ደስ አለው። አጎቴ ጨብጦኝ እጄን አልለቅም አለ፦ “ጎሽ! ልብ ገዛህ። ቪትዝ መቼም ብር ነው።” የእጮኛዬ እናት “እሰይ፣ አሁን ሰው ሆናችሁ” አሉ። የሰፈር ጥበቃው ሳይቀር የድሮዋን መኪና ስም ሳይጠራ “እንኳን ገላገለህ” አለኝ። አሜን እላለሁ። ምን ልበል? ጽሑፉን ሳላነሳው ትቼዋለሁ፤ እስካሁን የጠየቀኝ አንድ የመኪና አጣቢ ልጅ ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ ደግሞ ወደ እንጦጦ ወጣን። ላይ ስንደርስ ቁልፉን ሰጠኋት። ሳትጠይቀኝ ነው የሰጠኋት፤ ትንሽ አየችኝና ተቀበለችኝ። ወንበሩን ሳበች፣ ስፖኪዮውን አስተካከለች። ሁለት ጊዜ ጠፋባት፣ ሦስተኛው ላይ እየዘለልን ተነሳን። ቁልቁለቱን ጀመርን። ባሕር ዛፉ በሁለቱም በኩል ያልፋል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነች፤ ሞተሩ ይጮሃል። እጄ ሳላዝዘው ወደ ማርሹ ሄደ።

“ሦስተኛ አስገቢ” አልኳት።

“ዝም በል” አለችኝ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፤ “እየሰማኋት ነው።”