ዜሮ በይው

ቦቱን የሠራሁት አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ ሲቀላ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። በቴሌግራም ማታ ማታ አምስት ነገር ይጠይቃል፦ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ትኩሳት፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ። መልሱ ከዜሮ እስከ አሥር ነው። እማዬ ስማርት ስልክ የላትም፤ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው እህቴ እየጠየቀቻት ትነካለች፣ እኔ ጋ ሰንጠረዡ ይሞላል። እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

ሐሳቡ የራሴ አይደለም። ኒውዮርክ ውስጥ ኢታን ባሽ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ካንሰር የተሰራጨባቸውን 766 ታማሚዎች ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ እንደወትሮው ታከሙ፤ ግማሾቹ ደግሞ የሚሰማቸውን በኮምፒውተር እየሞሉ፣ ሲብስባቸው ነርሷ ጋ መልእክት ይደርስ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ የሚጠየቁት በመካከለኛ ስሌት 31 ወር፣ ሌሎቹ 26 ወር ኖረዋል። አዲስ መድኃኒት ሳይጨመርላቸው፣ በመጠየቅ ብቻ። ይህንን ሳነብ እማዬ የጡት ካንሰር ኬሞዋን ጀምራ ነበር።

የእኛ ቤት ጨንቻ በኩል ነው። ኬሞው አዲስ አበባ፣ በየሃያ አንድ ቀኑ። ቁልቁል ወደ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አውቶቡስ። ከሃያ አንዱ ቀን ሐኪም የሚያያት አንዱን ቀን ነው፤ ሃያው የእኛ ነው። እኔም ሃያውን ቀን በስልክ ልሸፍነው ነበር እንግዲህ።

ሰንጠረዡ ዜሮ ይላል። በማግስቱም ዜሮ። ለሦስት ሳምንት ዜሮ፣ አንዳንዴ ድካም ላይ አንድ። መድኃኒቱ ተስማማት ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

አንድ ቅዳሜ ወጣሁ። እማዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ ባዶ ነው። የዶርዜን አገር የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች፣ እማዬን ያለ እንዝርት ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ባዘቶው ቅርጫት ውስጥ እንዳለ ነው።

«ፈትሉስ?»

«ጣቶቼ እኮ የሰው ጣት መሰሉኝ፤ ክሩ ይያዝ አይያዝ አይታወቀኝም።»

እህቴ አንገቷን ደፋች። ኋላ ውጭ ወስጃት ስጠይቃት፣ «ዜሮ በይው ብላኝ ነው» አለች። «ሥራው ይበቃዋል፣ ደግሞ መድኃኒቱን ያቆሙብኛል ብላ።»

ፓክሊታክሰል የሚባለው መድኃኒት ነርቭ ይነካል፤ ሐኪም በጊዜ ካወቀ መጠኑን ሊቀንስ ይችላል። ያንን አታውቅም። እሷ የምታውቀው፣ ያማረረ ታማሚ ከሕክምናው እንደሚባረር ነው፤ ማን እንደነገራት እንጃ። እኔ ደግሞ «ከዜሮ እስከ አሥር» የሚባል ነገር በአማርኛ ጽፌ በጋሞኛ ለምትኖር ሴት ልኬያለሁ። «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «ተመስገን» የምትል ሴት ለቦት ሰባት ትበል?

ቦቱን አፈረስኩት። በምትኩ እህቴ የእማዬን ድምፅ ቀድታ በጋሞኛ ትልክልኛለች። ጥያቄውም ተለወጠ፦ ዛሬ ስንት ልቃቂት ፈተልሽ? ከምንጩ ስትመለሺ ስንት ጊዜ አረፍሽ? ቆጮ ሸቶሽ ነበር? በዚያ መንገድ አትዋሽም፤ ስለ ሥራዋ መዋሸት አይሆንላትም። ለሐኪሟም የነገርነው በልቃቂት ነው፤ መጠኑ ተቀነሰላት።

ለትኩሳት ግን ይህም አልበቃም፤ ኢንተርኔቱ ጉም ሲወርድ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ገዛሁና በሚስድ ኮል ተስማማን። አንድ ጊዜ ከጠራ ደህና። ሁለት ጊዜ ከጠራ 38 ደርሷል ማለት ነው፤ ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚያወርድ እንዲህ ያለ ትኩሳት እስኪነጋ አይጠበቅም። ከሦስተኛው ፓክሊታክሰል በኋላ በአሥረኛው ቀን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኬ ሁለት ጊዜ ጠራ። ጎረቤታችን መኪና አስነሣ፤ ያንን ጥምዝምዝ ቁልቁለት በጨለማ ወረዱ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስቀበላት እየተንቀጠቀጠች፣ «ቀስቅሼህ ነው» አለችኝ። መርፌው ሳይነጋ ተጀመረላት፤ ስድስት ቀን ተኛች።

ሚስድ ኮል ነጠላ ሳንቲም አያስወጣም። ግን ሁሉም ሰው አርባ ምንጭ ላይ ስልኩን ሳያጠፋ የሚተኛ ልጅ የለውም። 8028 የሚደውል ገበሬ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በተራ ስልኩ፣ በነፃ፣ ማንበብ ባይችልም እንኳ ስለ ጤፍና ስለ ስንዴ የተቀዳ ምክር ይሰማል። ለኬሞ ትኩሳት እንዲህ ያለ ድምፅ፣ ያውም በጋሞኛ፣ ቢኖር ብዬ አሁንም አስባለሁ። ኮዱን መጻፍ እችላለሁ፤ ከባዱ ሁለት ጊዜ ሲጠራ የሚያነሣውን ሰው ማግኘት ነው።

ጣቶቿ ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም። ትናንት ማታ የላከችው ድምፅ አሥር ሰከንድ አይሞላም፤ ከኋላ ዶሮ ይሰማል። «ዛሬ ግማሽ ልቃቂት። ነገ እንዳትጠይቀኝ፣ ገበያ ነው።»